የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ፦ ትኩሳት፣ እርግዝናና ስኪዞፍሬኒያ በድሬዳዋ

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለጤና ቢሮና ለዩኒቨርሲቲው የምናቀርበውን ፕሮፖዛል እዚሁ የመልእክት ቡድናችን ላይ እየተወያየን እንድንጨርስ ተስማምተን ነበር። የመጀመሪያው ረቂቅ ዓላማ እንዲህ ይላል፦ «የቫይረስ ኢንፌክሽን ስኪዞፍሬኒያን እንደሚያስከትል በድሬዳዋ ማረጋገጥ»። ለማያውቀው፣ ስኪዞፍሬኒያ ማለት ሰው የሌለ ድምፅ እንዲሰማና እውኑን ከቅዠቱ እንዳይለይ የሚያደርግ ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው። ሐሳባችሁን ጻፉ። የድምፅ መልእክት ግን ይቅርብኝ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ መገልበጡ አድካሚ ነው።

ሲስተር (የአእምሮ ጤና ነርስ)፦ ይሄ ዓላማ አያስኬደንም። ዓለም ያላረጋገጠውን እኛ በአንድ ዓመት ልናረጋግጥ? አቦ ተዉ እንጂ። ጥርጣሬው ግን ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው። እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው የ1918ቱ (እ.ኤ.አ.) ኢንፍሉዌንዛ ጊዜ ካርል ሜኒንገር የሚባል ሐኪም ቦስተን ውስጥ ከጉንፋኑ በኋላ አእምሯቸው የተናወጠ ሰዎችን መዝግቧል። ስኪዞፍሬኒያ ይዟቸዋል ከተባሉት መካከል ብዙዎቹ በኋላ ድነዋል። ይሄን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

የማስተርስ ተማሪው (ሕዝብ ጤና)፦ ረቂቁን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ልከራከር። የሄልሲንኪው (ፊንላንድ) ጥናት አለ እኮ። በ1957 (እ.ኤ.አ.) የእስያ ጉንፋን ሲገባ በእርግዝናቸው መካከለኛ ሦስት ወራት ላይ ከነበሩ እናቶች የተወለዱት ላይ ስኪዞፍሬኒያ በዝቶ ተገኝቷል። የወጣው በ1988 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ሲስተር፦ አለ። ከዚያ በኋላ ሌላ አገር ሲሞከር አንዱ አገኘ፣ ሌላው አጣ። ምክንያቱም ከተማው ታሞ እንደነበር ይታወቃል እንጂ የትኛዋ እናት እንደታመመች አይታወቅም። የተሻለው የካሊፎርኒያው ነው። ከ1959 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከነፍሰ ጡሮች የተቀዳ ደም ተቀምጦ ነበር። አለን ብራውንና ባልደረቦቹ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ያንን ደም አውጥተው የኢንፍሉዌንዛ ምልክት ፈለጉ። በእርግዝናዋ የመጀመሪያ አጋማሽ የተያዘች እናት ልጅ ላይ አደጋው ወደ ሦስት እጥፍ ተጠጋ። ታማሚዎቹ ግን ጥቂት ስለነበሩ ቁጥሩ ገና ይወላውላል።

ደግሞ ሦስት እጥፍ ሲባል እናቶች እንዳይደነግጡ። ከመቶ አንድ የነበረ ሦስት ቢሆን ዘጠና ሰባቱ ልጆች ደህና ናቸው። ፕሮፖዛሉ ውስጥ ይሄ ዓረፍተ ነገር ካልገባ ስሜን አውጡልኝ። «ልጄን ያሳመምኩት እኔ ነኝ» የምትል እናት በየሳምንቱ አገኛለሁ።

ተማሪው፦ ይግባ። ግን በእኛ አቆጣጠር የ2011ዱን ቺኩንጉንያ፣ ትንኝ የሚያስተላልፈውን የቫይረስ ትኩሳት፣ አስቡት። ከ40 ሺህ በላይ ተጠርጣሪ የተመዘገበው እዚሁ ከተማ ነው። ከዚያ በፊት በ2006 ዴንጊ የሚባለው ሌላው የትንኝ ትኩሳት ነበር። ያኔ ነፍሰ ጡር የነበሩትን እናቶች ብናገኝ እንደ ሄልሲንኪ የሚሆን የራሳችን ጥናት አይወጣውም?

ጤና መኮንኑ፦ ሐሳቡ ቆንጆ ነው፣ ጊዜው ግን አልደረሰም። የ2011ዶቹ ልጆች ገና ፊደል እየቆጠሩ ነው። ስኪዞፍሬኒያ አብዛኛውን ጊዜ ብቅ የሚለው ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ዛሬ ብትፈልግ የምታገኘው ባዶ ነው፣ ባዶውን ደግሞ «ግንኙነት የለም» ብለህ ትጽፈዋለህ።

ሌላም አለ። ቺኩንጉንያ ኢንፍሉዌንዛ አይደለም። በሬዩኒዮን ደሴት ወረርሽኝ ወቅት በወሊድ ሰሞን ከታመሙ እናቶች ወደ ሕፃናቱ ተላልፎ የአንዳንዶቹን አንጎል ጎድቷል። ከስኪዞፍሬኒያ ጋር የሚያገናኘው ማስረጃ ግን የለም። የአካባቢያችን በሽታ ስለሆነ ብቻ ጥፋተኛ አናድርገው።

ፋርማሲስቱ፦ ታዲያ ባዶ እጃችንን ነው የምንሄደው?

ጤና መኮንኑ፦ በፍጹም። የሄልሲንኪ ሰዎች የጎደላቸውን እኛ ዛሬ ማስቀመጥ እንችላለን። አንዲት ነፍሰ ጡር ለቅድመ ወሊድ ክትትል ስትመጣ ካርዷ ላይ ሁለት ጥያቄ ይጨመር፦ ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ትኩሳት ነበረሽ ወይ? በስንተኛው ሳምንት? ደሟ ለኤችአይቪና ለቂጥኝ ስለሚመረመር የተገኘው ውጤት እዚያው ይሰፍራል። ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው የሚያጠና ሰው የእናቱን ትዝታ ሳይሆን ወረቀቱን ያያል።

ተማሪው፦ ደሙንስ እንደ ካሊፎርኒያዎቹ ብናስቀምጥ?

ፋርማሲስቱ፦ ከዜሮ በታች እስከ ሰማንያ ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ፣ ያውም በድሬዳዋ ሙቀት፣ ያውም መብራት በሚጠፋበት? ነዳጁን ማን ይሸፍናል? በወረቀቱ እንጀምር። ደግሞ ለአንድ ጥናት የሰጠችውን ደም ለሌላ መጠቀም የራሱ የሥነ ምግባር ፈቃድ አለው።

ጋሼ (የባቡር ጡረተኛ፣ የታማሚ ቤተሰብ)፦ እናንተ ስለሚመጣው ትውልድ ታወራላችሁ፣ ደግ ነው። ስላሉት ልጆችስ? የእኔ ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሦስት ቀን አተኮሰው። በአራተኛው ቀን ግድግዳውን እያየ ማውራት ጀመረ። ከንፈሩ አንድ ነገር እንደሚያኝክ ያለ ዕረፍት ይንቀሳቀስ ነበር። ሌሊት ላይ አንቀጠቀጠው። የወሰድኩት ቦታ «ጫት ነው» ብለው መርፌ ወግተው መለሱን። ሙቀቱን የለካው የለም። ጎረቤት ሩቃ (ለፈውስ የሚቀራ ቁርኣን) አስደረገለት፣ እናቱ ጸበል ወሰደችው። ማንንም አልወቅስም፣ የቻልነውን ነው ያደረግነው። ግን ቴርሞሜትር ስንት ብር ነው?

ሲስተር፦ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ነው ዋናው ነገር። የልጅዎ ምን እንደነበር አሁን ማንም ሊናገር አይችልም። እንዲህ ያለ አመጣጥ ግን ሐኪምን ማንቃት አለበት። የአንጎል ብግነት በትኩሳት ጀምሮ እብደት መስሎ ሊመጣ ይችላል። ጆሴፕ ዳልማውና ባልደረቦቹ በ2007 (እ.ኤ.አ.) የገለጹት አንድ ዓይነት አለ፦ በሽታን የሚከላከለው ፀረ እንግዳ አካል ተሳስቶ የራሱን የአንጎል ሴሎች ተቀባይ ያጠቃል። ታማሚው ይቃዣል፣ አፉ ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል፣ ይንቀጠቀጣል። የሄርፐስ ቫይረስ አንጎልን ካጠቃ በኋላም ሊከተል ይችላል። ቶሎ ከተደረሰበት ብዙዎች ይድናሉ። የሜኒንገርን ታማሚዎች ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ስኪዞፍሬኒያ የሚመስል ሁሉ ስኪዞፍሬኒያ አይደለም።

ጤና መኮንኑ፦ እንግዲያው ሁለተኛው ክፍል ይሁን። ለመጀመሪያ ጊዜ አእምሮው ተናውጦ የመጣ ማንም ሰው ሙቀቱ ይለካ፣ ለወባ ደሙ ይታይ፣ ኤችአይቪና ቂጥኝ ይመርመር። ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ ወይም ራስን መሳት ካለ፣ ወይም ለውጡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት ከመጣ፣ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ሐረር ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል በሪፈር ይላክ፣ ለምርመራ ከወገቡ ፈሳሽ ይቀዳለት። አንድ ገጽ ቅጽ ይበቃል።

ተማሪው፦ የጫቱ ጥያቄም ይግባ። ግን «ጫት ነው» ብሎ ለመዝጋት ሳይሆን ስንት ጊዜ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ እንቅልፉስ የሚል። ድሬዳዋ ላይ ጫት ሳይጠየቅ የተሠራ የአእምሮ ጤና ጥናት የሚያምነው የለም። የቤተሰብ ታሪክም እንዲሁ። ከተመሳሳይ መንትዮች አንዱ ሲታመም ሌላው የሚታመመው ቢበዛ በግማሽ ያህሉ ነው። ዘርም አለበት፣ ዘር ብቻም አይደለም።

በጥሬ ሥጋና በድመት የሚተላለፈው ቶክሶፕላዝማስ? ሁለቱም እዚህ ሞልተዋል።

ሲስተር፦ እሱ ጥገኛ ተሕዋስ ነው፣ ቫይረስ አይደለም። ስኪዞፍሬኒያ ባለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ምልክቱ በዝቶ መገኘቱ እውነት ነው። ግን እኛ አገር ጤነኛውም ላይ በብዛት ይገኛል። ይሄን ብናወጣ የሰፈሩ ሰው ነገ ድመት ሲያባርር ይውላል። ይቆየን።

ጸሐፊዋ፦ ዓላማውን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «በድሬዳዋ በእርግዝና ወቅት የሚከሰት ትኩሳትን በወቅቱ መመዝገብ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታይ የአእምሮ መታወክን ከኢንፌክሽን አንጻር መመርመር»። የእናቶቹን ክፍል ሲስተር ትጽፈዋለች፣ የዘጠና ሰባቱን ዓረፍተ ነገር ጨምሮ። ቅጹን ጤና መኮንኑ ያዘጋጅ። ተማሪው የጥናት ዘዴውን ይዟል። በጀቱ ውስጥ ቴርሞሜትር፣ የቅጽ ማባዣና ሥልጠና ብቻ ነው ያለው።

ፋርማሲስቱ፦ የሥልጠናው አበል ከጠቅላላው ግማሹን ወስዷል። ሆቴል ይቅርና በጤና ጣቢያዎቹ አዳራሽ ይሁን።

ጋሼ፦ ቅጹ በአማርኛ ብቻ እንዳይሆን። ገንደ ቆሬና መጋላ ሰፈር ላይ በኦሮምኛና በሶማልኛ ካልተጠየቀ እናቲቱ «ደህና ነኝ» ብላ ትሄዳለች። ረቂቁ ሲያልቅ የኦሮምኛውን እኔ አያለሁ፣ የሶማልኛውን የሚያይ ሰው ፈልጉ።

ጸሐፊዋ፦ ገብቷል። የሶማልኛውን የሚወስድ እስከ ሐሙስ ይጻፍልኝ።