ባይኖኩላሬ (የሩቅ ማያ መነጽሬ) ውስጡ ጉም ሞላው፤ ነገ ንጋት ሐረና ጫካ ልገባ ነው!

ተጓዡ፦ ጎበዝ፣ ድረሱልኝ! ከሳነቴ አምባ ወርጄ ሪራ መንደር ነኝ። ባይኖኩላሬን ጭጋግ ያዘው። ብጠርገው ብጠርገው አይለቅም። የባሌ ጦጣና ቱራኮ የሚባለውን ወፍ ሳላይ አልመለስም። ብሎን መፍቻ ይዣለሁ፣ ልፍታው?

ሩዝ በቤቱ፦ ሩዝ ውስጥ ቅበረው። ስልኬን ያዳነው ሩዝ ነው።

ሌንስ ጠጋኝ፦ እንዳትፈታው! ውስጡ ያለው መስታወት ትንሽ ከተዛነፈ አንዱን ወፍ ሁለት አድርጎ ያሳይሃል። ተጠርጎ ካልለቀቀ እርጥበቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ የቀዘቀዘ ዕቃ እርጥብና ሞቅ ያለ አየር ሲያገኝ እንዲህ ይሆናል። ሩዙን ተወው፣ አቧራ ነው የሚያተርፍልህ። መድኃኒት ብልቃጥ ወይም አዲስ ጫማ ውስጥ «አይበላም» የሚል እርጥበት የሚመጥ ትንሽ ከረጢት አለ አይደል? ያገኘኸውን ያህል ሰብስብና ከባይኖኩላሩ ጋር ላስቲክ ውስጥ አሽገህ አሳድረው። እሳት ዳር ግን እንዳታስጠጋው።

አገርህን እወቅ፦ ወጣቱ ታሪክ አያነብም እንጂ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 2016 ደግሞ የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ሐረናም የፓርኩ ደቡባዊ ክፍል...

ቡና ጠጪ፦ ጋሼ፣ ልጁ ወፍ ማየት አቅቶታል፣ እርስዎ ታሪክ ያሳዩታል 😂

የጫካው ልጅ፦ እኔ የምለው፣ ባይኖኩላር ለምንህ ነው? ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ መጀመሪያ ጆሮህን ክፈት። ሆርንቢል የሚባለው የዛፍ ወፍ ሲበር ክንፉ ከሩቅ ይሰማል። ቱራኮው አረንጓዴ ስለሆነ ቅጠል ይመስልሃል፤ ሲበር ግን ክንፉ ቀይ ነው፣ አያመልጥህም። የባሌ ጦጣ ዋና ምግቡ የቀርከሃ ቅጠል ስለሆነ ቀርከሃው ውስጥ ዝም ብለህ ተቀመጥ። ጉሬዛማ ራሱ ቁልቁል ያይሃል። ደግሞ ብቻህን አትግባ፣ አንበሳ አለ። የሰፈሩን አስጎብኚ ያዝ።

ተጓዡ፦ አንበሳ?! እሱን ማን ጠየቀ! ደግሞ ያለ ባይኖኩላር ወፍ ማየት ሳልቆርስ ጠገብኩ እንደማለት ነው። ከረጢት ሁለት አገኘሁ፣ ከቫይታሚን ብልቃጥ። አሽጌዋለሁ። የባይኖኩላሩ የግራ ዓይን ነው የባሰበት።

ሌንስ ጠጋኝ፦ እስከ ጠዋት ካልለቀቀ ግራውን ጨፍነህ በቀኙ ብቻ እይ። ስትመለስ ለባለሙያ ስጠው። ከ12 እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ እንዳያመልጥህ፣ ወፍ የሚንጫጫው ያኔ ነው።

ተጓዡ፦ እሺ። ኔትወርክ እየሄደ...

ቡና ጠጪ፦ አራት ቀን ሆነው እኮ። አየህ ወይስ አንበሳው አየህ?

ሩዝ በቤቱ፦ ሩዝ ሞክሮ ቢሆን...