ትራቭል ሁሉ ይነፋ ወይስ አንዳንዱ ይታለፍ?

ጥያቄ አቅራቢ (የኮሌጅ ዳኛ፣ ሜሪላንድ)፦
ጤና ይስጥልኝ ወገን። ሲያብሰለስለኝ የከረመ ነገር አለ፣ እስቲ ተከራከሩበት። እዚህ አሜሪካ በኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ዳኛ ያየውን ትራቭል (ኳስ ይዞ እግርን ከሕግ ውጪ ማንቀሳቀስ) ሁሉ መንፋት አለበት? ወይስ ማንንም ካልጎዳ ይለፈው?

እኔ የማጫውተው በትንንሽ ኮሌጆች ነው። በቅርቡ አንድ ልጅ ከመስመሩ አጠገብ ኳስ ተቀበለ። ተከላካዩ ሦስት ሜትር ያህል ርቆታል። ልጁ ማንጠር ሊጀምር ሲል ቋሚ እግሩ፣ ፒቮት የምንለው፣ ቀድሞ ተነሳ። ነፋሁ። አሰልጣኙ እጁን ዘርግቶ «ማንን ጎዳ?» አለኝ። ጥያቄው ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

የእኔ አቋም ይነፋ ነው። ተከላካይ የሚቆምበትን ቦታ የሚመርጠው ያንን ቋሚ እግር አይቶ ነው። እግሩ ከኳሱ ቀድሞ ከተነሳ አጥቂው ግማሽ እርምጃ ወሰደበት። ፈጣን ልጅ ግማሽ እርምጃ ካገኘ ደግሞ ማንም አይደርስበትም።

የቀድሞ ተጫዋች (ሲያትል)፦
ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ራስህ ተከላካዩ ሦስት ሜትር ርቆ ነበር አልክ። ታዲያ ማንን ቀደመ? ንክኪ ሁሉ ፋውል አይደለም፤ ዳኛ ጥቅም አስገኘ ወይ ብሎ ይመዝናል። ለትራቭል ሲሆን ሚዛኑ የት ገባ? በ40 ደቂቃ ውስጥ ትንሽ የተነሳች እግር ሁሉ ከተነፋች ልጆቹ መቼ ይጫወታሉ?

ጥያቄ አቅራቢ፦
ፋውልና ትራቭል አንድ አይደሉም። ጨዋታውን ያልጎዳ ንክኪ እንደሚታለፍ ሕጉ ራሱ ጽፎታል። ለትራቭል እንዲህ ያለ ቀዳዳ አልተወም። ማንጠር ሲጀመር ኳሱ ከእጅ ሳይወጣ ያ እግር ከተነሳ ትራቭል ነው፣ አለቀ። ዛሬ ተከላካዩ ሩቅ ነው ብዬ ካለፍኩት፣ ልጁ ነገም እንደዚያው ይነሳል። ነገ ግን ተከላካዩ አፍንጫው ሥር ነው።

የተጫዋች እናት (ቨርጂኒያ)፦
ወንድሞቼ፣ እኔ ሕጉን እንደ እናንተ አላውቅም። ልጄ ግን ኮሌጅ ትጫወታለች፣ ጨዋታዋ አያመልጠኝም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። መጀመሪያ ላይ ሦስቴ የተነፋባት እርምጃ፣ መጨረሻ ላይ ሌላዋ ስትረግጠው ዝም ይባላል። ማታ ስልክ ደውላ «እማዬ፣ የቱን ልልመድ?» ብላኛለች። የምመልስላት አጣሁ። ወይ ንፉ፣ ወይ ተዉት፣ ግን አንድ አድርጉት።

የቀድሞ ተጫዋች፦
እህቴ፣ እሱ ላይ እውነትሽን ነው።

አዲስ አበባ ያደግኩ፣ ልጆች አሠልጣኝ (ዳላስ)፦
ክርክሩ ከሥሩ ይጀመር። ትራቭል የቱ እንደሆነ መቼ ተስማማን? እኛ አገር ቤት የምንጫወተው በዓለም አቀፉ ሕግ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ «ዜሮ እርምጃ» ገብቷል። ልጁ እያነጠረ ሄዶ ቀኝ እግሩ መሬት ላይ እያለ ኳሱን ያዘ እንበል። ያቺ ቀኝ ዜሮ ናት። ግራ አንድ፣ ቀኝ ሁለት፣ ከዚያ ይወረውራል። ንጹሕ ነው። የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ ኤንቢኤም ይህን ይፈቅዳል።

በኮሌጁ ሕግ ግን ኳሱን ሲይዝ መሬት ላይ የነበረችው ቀኝ እግር ፒቮት ናት። ግራውን ረግጦ ቀኙን ሊያነሳ ይችላል፤ ኳሱ ከእጁ ሳይወጣ ቀኙን መልሶ ከረገጠ ትራቭል ነው። ልጆቼ ማታ ማታ ኤንቢኤም ያያሉ፣ ጠዋት መጥተው ያንኑ ይሠራሉ። ዳኛው ሲነፋባቸው ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ይዞራሉ። ኮሌጆቹ ይህን ሕግ ከዓለም ጋር ቢያስማሙት ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር።

ጥያቄ አቅራቢ፦
ጋሼ፣ ሕጉ ይለወጥ ቢባል እኔም እደግፋለሁ። እስኪለወጥ ድረስ ግን የማጫውተው በተጻፈው ነው። ደግሞ የእርምጃ ቁጥር ላይ መንጠልጠል ዳኛን ያሳስታል። እኔ አንድ፣ ሁለት እያልኩ አልቆጥርም። ዓይኔ የሚጠብቀው እጁ ኳሱን የዘጋበትን ቅጽበት ነው። በዚያች ቅጽበት የትኛው እግር መሬት ላይ ነበር? እሱን ካላየሁ አልነፋም። ልጁ ኳሱ ከእጁ እያመለጠው አራት እርምጃ ቢሮጥ ትራቭል የለም፣ ገና አልያዘውማ። አዳራሹ በሙሉ ይጮሃል፣ እኔ ፊሽካዬን አፌ ውስጥ ይዤ እሮጣለሁ።

የቀድሞ ተጫዋች፦
እሺ፣ መጨረሻ ደቂቃ ላይስ? እ.ኤ.አ. 1993፣ ኒው ኦርሊንስ፣ የኮሌጆች የፍጻሜ ጨዋታ። ኖርዝ ካሮላይና 73 ለ 71 ይመራል፣ 20 ሰከንድ ገደማ ቀርቷል። ካሮላይና ነጻ ውርወራ ሳተ፣ የተመለሰውን ኳስ የሚሺጋኑ ክሪስ ዌበር ያዘ። ሊያቀብል ዞረ፣ ሐሳቡን ቀየረ፣ ፒቮቱን ጎተተ። የካሮላይና ተጠባባቂዎች ከወንበራቸው ዘለው ተነሱ። ፊሽካ የለም። ዌበር እያነጠረ ሄደ፣ ጥግ ላይ ሁለት ተከላካይ ያዘው፣ ታይም አውት (የእረፍት ጊዜ) ጠየቀ። ቡድኑ ታይም አውት ጨርሷል። የሌለውን በመጠየቁ ቴክኒካል ፋውል ተነፋበት፣ 77 ለ 71 ተሸነፉ። ያን ጊዜ ዳኛ ብትሆን የፍጻሜ ጨዋታን በእግር መጎተት ትወስን ነበር?

ጥያቄ አቅራቢ፦
እነፋ ነበር። ባይነፋም እኮ ጨዋታው በዳኛ ዝምታ ተወሰነ። ዌበርን ደግሞ አስበው። ያኔ ቢነፋበት የእሱ ጥፋት ከብዙ ትራቭሎች አንዱ ነበር። ሳይነፋበት ቀረና ያ ታይም አውት ይኸው እስከ ዛሬ ከስሙ ጋር ይነሳል። አንድ የ20 ዓመት ልጅ ነበር እኮ። ዝምታው እሱንም አልጠቀመውም።

የተጫዋች እናት፦
ይህን እንዲህ አስቤው አላውቅም። አንጀቴን በላው።

አዲስ አበባ ያደግኩ፣ ልጆች አሠልጣኝ፦
እ.ኤ.አ. 2019ም አለ። ቨርጂኒያ ከኦበርን፣ ግማሽ ፍጻሜ። ትራቭል ሳይሆን ደብል ድሪብል፣ ኳሱን ይዞ መልሶ ማንጠር፣ ነበር። ኦበርን 62 ለ 60 እየመራ የቨርጂኒያው ታይ ጀሮም ኳሱ አመለጠው፣ በሁለት እጁ ያዘው፣ መልሶ አነጠረ። ሦስት ዳኛ ሜዳ ላይ ነበር፣ ማንም አልነፋም። 0.6 ሰከንድ ሲቀር ካይል ጋይ ላይ ፋውል ተነፋ፣ ሦስቱንም ነጻ ውርወራ አስገባ፣ 63 ለ 62። ቨርጂኒያ ከሁለት ቀን በኋላ ዋንጫውን ወሰደ። እንዲህ ያለው በቪዲዮ ይታይ ነው የምለው።

ጥያቄ አቅራቢ፦
እሱን አልደግፍም፣ ጋሼ። እ.ኤ.አ. ከ2025-26 የውድድር ዓመት ጀምሮ በወንዶቹ አሰልጣኝ ቪዲዮ ይታይልኝ ማለት ይችላል፣ ግን ለተወሰኑ ነገሮች ብቻ። ኳሱ በማን ወጣ እንደሚለው ያለ። ትራቭል አልገባም፣ ባይገባም ደስ ይለኛል። ፒቮትን በዝግታ ምስል ካየህ በየጨዋታው መቶ ታገኛለህ፤ በዓይን የማይያዝ ሚሊ ሜትር ሁሉ ጥፋት ይሆናል። እኔ የምለው በዓይን ያየኸውን ንፋ ነው። ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው።

የቀድሞ ተጫዋች፦
እንግዲህ እኔም እዚህ ድረስ መጣሁ፦ መጀመሪያ የነፋኸውን መጨረሻም ንፋ። በግምት አትንፋ፤ ያልተደረገ ትራቭል መንፋት ያለውን ከማለፍ ይብሳል። ያንን ከመስመሩ አጠገብ ያለውን ልጅ ግን እኔ አልነፋበትም። ተከላካዩ ሦስት ሜትር ርቆ!

ለመሆኑ ፒቮቱን አይተኸው ነበር?

ጥያቄ አቅራቢ፦
አይቼዋለሁ። ግራው ነበር። ተረከዙ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር፤ እግሩ በሙሉ ከመሬት ለቋል፣ ኳሱ ገና መዳፉ ውስጥ ነው።