የቤት መኪና ገደብና የአውቶቡስ አቅርቦት፦ የጋራ ሐሳባችን አንቀጽ 2 ላይ የዕቅድ ውይይት

የኮሚቴው ጸሐፊ፦
ውድ አባላት፣ ለከተማው አስተዳደር የምናቀርበው ረቂቅ አንቀጽ 2 «በአዲስ አበባ የቤት መኪኖች ቁጥር በሕግ ይገደብ» ይላል። ከቅዳሜው ስብሰባ በፊት አስተያየታችሁን ስጡበት።

አባል፣ ከጀሞ፦
እደግፋለሁ። በሰሌዳ ቁጥር እየተፈራረቁ ይውጡ የሚልም ይጨመርበት። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ሙሉና ጎዶሎ ቁጥር በየተራ ይወጡ ስለነበር ለከተማችን እንግዳ አይደለም።

አባል፣ ከሲኤምሲ፦
ወንድሜ፣ ለጥቂት ወራት ይሠራል፤ ሲቆይ ግን ሰው መላ ያበጅለታል። ሜክሲኮ ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1989 መኪኖች በሳምንት አንድ ቀን እንዳይንቀሳቀሱ ስታዝ፣ አቅሙ ያለው ሌላ ሰሌዳ ያለው ሁለተኛ መኪና ገዛ፤ ብዙውም አሮጌ ነበር።

የቁጥር ገደብ ሲባል ሁሉም ሲንጋፖርን ይጠራል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ መኪና የሚያስመዘግብ ሰው የ10 ዓመት ፈቃድ በጨረታ ይገዛል፤ በ2023 የአነስተኛ መኪና ፈቃድ ብቻውን ከ100,000 የሲንጋፖር ዶላር አልፏል። ታዲያ ይህን ያህል የከፈለ ሰው መኪናውን ደጁ ላይ አቁሞ ያየዋል? ዘመኑ ሳያልቅበት ይነዳዋል እንጂ። ኮታው፣ ማለትም የፈቃዱ ቁጥር ገደብ፣ የመኪናውን ብዛት ይይዛል፤ መንዳቱን የሚይዘው ሌላ ነው። ከ1975 ጀምሮ ጠዋት ወደ መሀል ከተማ የሚገባ መኪና በቀን 3 ዶላር ይከፍል ነበር፤ አራት ሰው የያዘ መኪና ግን በነጻ ያልፍ ነበር። የከተማ ባቡሩም በ1987 ሥራ የጀመረው ከኮታው ቀድሞ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ።

አባል፣ ከየካ አባዶ፦
ጋሼ እንዳሉት ነው። እኔ መኪና የለኝም፤ ገደቡ አይነካኝም ትሉ ይሆናል። ነገር ግን መኪናውን ያቆመው ሰው ሁሉ ነገ የሚመጣው እኛ የተሰለፍንበት ሰልፍ ላይ ነው፤ አውቶቡሱ ሳይጨመር ሰልፉ ብቻ ይረዝማል። መግዛት ብቻም አይበቃም። ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. በ41 ባቡሮች ተጀምሮ፣ በመለዋወጫ እጦት ብዙዎቹ ቆመዋል። የጥገና በጀት በረቂቁ በግልጽ ይጻፍ!

አባል፣ ከሳሪስ፦
በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ተከልክሏል፤ ያ አይበቃም?

አባል፣ ከየካ አባዶ፦
ጭሱን ይቀንሳል፤ መንገዱን ግን የኤሌክትሪኩም መኪና ያንኑ ያህል ይይዛል።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦
የተሻሻለው አንቀጽ 2፦ «በዋና ዋና መንገዶች ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መስመር ይከለል፤ የመለዋወጫና የጥገና በጀት በየዓመቱ ተለይቶ ይያዝ። ይህ ከተፈጸመ በኋላ በሥራ መግቢያ ሰዓት ወደ መሀል ከተማ የሚገቡ የቤት መኪኖች ይክፈሉ፤ አራት ሰው የያዘ ነጻ ይሁን። ገቢው ለሕዝብ ትራንስፖርት ብቻ ይዋል።» የቁጥር ገደቡ ወጥቷል።

አባል፣ ከጀሞ፦
ገደቡ መውጣቱን ተቀብያለሁ። «ከተፈጸመ በኋላ» የሚለው ግን ያሰጋኛል። ቀን ካልተቆረጠለት አውቶቡሱም ክፍያውም በወረቀት ላይ ይቀራሉ። የጊዜ ገደብ ካልገባበት ቅዳሜ ድምፄን እነፍጋለሁ።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦
የጊዜ ገደቡ የቅዳሜው የመጀመሪያ አጀንዳ ሆኖ ተይዟል። ስንት ዓመት ይሁን የሚለውን እስከ ዓርብ ጻፉልኝ።