አንድ ማይክ ለሁለት ሚክሰር፣ ሁለት ማይክ ለአንድ ቻናል፦ ዋይ ኬብል ይበቃል?

የአዳራሹ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤተክርስቲያናችን እሁድ እሁድ አምልኮውን በዩቲዩብ በቀጥታ ያስተላልፋል። ድምፁን የምንወስደው ከዋናው ሚክሰር ሜይን አውት (ለአዳራሹ ስፒከር ከሚሄደው መውጫ) ነው። አዳራሽ ውስጥ ሲሰማ ቆንጆ ነው፣ ዩቲዩብ ላይ ግን ዘማሪዋ ብቻዋን ትጎላለች፣ ድራሙማ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለስርጭቱ ሌላ ትንሽ ሚክሰር ልናቆም ነው። ሁለቱም አናሎግ ናቸው። እያንዳንዱን ማይክ በዋይ ኬብል (በአንድ በኩል አንድ፣ በሌላው ሁለት ጫፍ ባለው) ለሁለቱም ሚክሰር ባካፍል ችግር አለው? ደግሞ የትንሹ ሚክሰር ቻናል ስለማይበቃ የመዘምራኑን ሁለት ኮንደንሰር ማይኮች በዚያው ዋይ ኬብል አገናኝቼ አንድ ቻናል ላይ ባስገባስ?

በያጁ፦
ማካፈሉ ይሆናል፣ መደባለቁ አይሆንም። ኬብሉ አንድ ዓይነት ቢሆንም ሥራው በጣም ይለያያል። እንደ ሹር ኤስኤም58 ያለ ማይክ ኢምፒዳንሱ (ለሲግናሉ ያለው የኤሌክትሪክ መቋቋም) ጥቂት መቶ ኦም ነው፣ የሚክሰር የማይክ መግቢያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,500 ኦም በላይ። ሁለት ሚክሰር በአንድ ማይክ ላይ ስትሰካ ያ ቁጥር ወደ ግማሽ ቢወርድም ማይኩ ይችለዋል። ጌን (የቻናሉን መግቢያ ማጉያ ቁልፍ) ትንሽ ትጨምራለህ፣ አለቀ።

ሁለት ማይክ አንድ መግቢያ ላይ ስታገናኝ ግን አንዱ የሌላውን ጉልበት ይበላል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ማይክ ጎኑ ያለውን፣ ልክ እንደራሱ ዝቅተኛ ኢምፒዳንስ ያለውን ማይክ ነው የሚሸከመው። ድምፁ 6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፣ ቃናውም ሊበላሽ ይችላል። አንዱን ብቻ ዝቅ ላድርግ ብትልም አትችልም። ኮንደንሰር ሲሆን ደግሞ ፋንተሙንም (ሚክሰሩ በማይክ ኬብሉ በኩል ለማይኩ የሚልከውን 48 ቮልት) ይሻሙበታል። ዋናው ሚክሰርህ ግሩፕ (የተመረጡ ቻናሎችን አንድ ላይ የሚሰበስብ መስመር) ካለው ሁለቱን ማይኮች እዚያ አንድ ግሩፕ ላይ ሰብስብና የግሩፑን አውት ወደ ትንሹ ሚክሰር ላይን መግቢያ ላክ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
በያጁ ያለው ልክ ነው፣ ፋንተሙ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በዋይ ኬብል ስታካፍል 48 ቮልቱን አንድ ሚክሰር ብቻ ይስጥ። ዋናው ይስጥ፣ የስርጭቱ ይጥፋ።

ሌላው «እምምም» የሚለው ድምፅ ነው። ሁለቱ ሚክሰሮች ከተለያየ ሶኬት ኤሌክትሪክ ሲወስዱ በማይኩ ኬብል ግራውንድ በኩል ይገናኙና ሃም ይመጣል። እባካችሁ ይሄንን ለማጥፋት ብላችሁ የኤሌክትሪክ መሰኪያውን ኤርዝ እንዳትቆርጡ! በ220 ቮልት ሀገር ዘማሪ ከንፈሩን ማይክ ላይ አስጠግቶ ነው የሚቆመው፣ ሰው ሊሞት ይችላል። ትክክለኛው መፍትሔ ትራንስፎርመር ያለው ስፕሊተር (የማይክ ድምፅ ማካፈያ ሳጥን) ነው፣ እንደ ራዲያል ጄኤስ2 ያለ። ዳይሬክት አውቱ ፋንተም ወደሚሰጠው ዋና ሚክሰር ይሄዳል፣ አይሶሌትድ የሚለው ወደ ስርጭቱ። ትራንስፎርመር ዲሲ ስለማያሳልፍ ፋንተሙ እዚያው ይቆማል፣ ሃሙ ካልጠፋም የግራውንድ ሊፍት ቁልፉን (የድምፅ ኬብሉን ግራውንድ ብቻ የሚያላቅቀውን) ትጫናለህ።

የአዳራሹ ልጅ፦
ተባረኩ። ግን ለሁሉም ማይክ ስፕሊተር መግዛት አቅማችን አይደለም፣ እዚህ ማግኘቱም ቀላል አይደለም።

በያጁ፦
ለሁሉም አያስፈልግህም እኮ። የዋየርለስ ሪሲቨሮችህን ጀርባ እይ፣ ብዙዎቹ የኤክስኤልአርም የጃክም አውት አላቸው። አንዱን ለዋናው፣ ሌላውን ለስርጭቱ። ኪቦርዱና ጊታሩ በዲአይ ቦክስ (የመሣሪያን ድምፅ ለማይክ መግቢያ በሚያስማማ ሳጥን) ከገቡ ደግሞ የገባውን ድምፅ እንዳለ የሚያሳልፈውን «ትሩ» የሚለውን ቀዳዳ ተጠቀም።

ለቀሩት ኢንሰርት (የቻናሉን ድምፅ ወደ ውጭ አውጥቶ የሚመልስ ቀዳዳ) ካለህ ቲፕና ሪንጉ (ጫፉና መካከለኛው ቀለበቱ) አንድ ላይ የተበየደ የስቴሪዮ ጃክ ሥራ፤ ወደ አዳራሹ የሚሄደው ድምፅ ሳይቋረጥ ቅጂውን ታወጣለህ።

ግን ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ገንዘብ ሳታወጣ፣ ከዋናው ሚክሰር አንድ ነፃ ኦክስ (ከየቻናሉ የፈለግከውን ያህል ለብቻ የምትልክበት መውጫ) ፕሪ ፌደር (ከፌደሩ፣ ከቻናሉ ተንሸራታች ድምፅ ማስተካከያ፣ በፊት የሚወሰድ) አድርገህ ስርጭቱን ከዚያ ሞክር። ድራሙ ዩቲዩብ ላይ የጠፋው በኬብል ጥፋት አይደለም። አዳራሽ ውስጥ ድራሙ ራሱ ስለሚጮህ ሳውንድማኑ በሚክሰር አይከፍተውም፣ ስለዚህ ሜይን አውት ላይም አይኖርም። ለኪኩ (በእግር ለሚመታው ትልቅ ድራም) አንድ፣ ከላይ አንድ ማይክ አቁም፣ ፌደራቸው ለአዳራሹ ዝግ ይሁን፣ ኦክሱ ላይ ብቻ ክፈታቸው። ሄድፎን አድርጎ የሚያዳምጥ ሰውም መድብ፣ ከተቻለ ከአዳራሹ ውጭ ይቀመጥ።

ኦክሱም ኢንሰርቱም ከጌን በኋላ ስለሆኑ ግን፣ ሳውንድ ቼክ ካለቀ ወዲያ የአዳራሹ ሳውንድማን ጌን መንካት የለበትም። ፌደሩን እንደፈለገ ያድርግ።