ቬትናም ውስጥ ምን እንብላ፣ ምንስ እንጠጣ? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ መንገደኛ

ሰላም ለሁላችሁ። በኅዳር መጨረሻ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር በመጀመሪያ ወደ ሃኖይ፣ ቀጥሎም ወደ ሆ ቺ ሚን ከተማ እንሄዳለን። የአገሩን ነባር ምግብና መጠጥ መቅመስ እንፈልጋለን፤ ነገር ግን ሦስታችንም የአሳማ ሥጋ አንበላም። አንዲቱ እኅታችን ጾመ ነቢያትን ስለምትጾም ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል በተጨማሪ ዓሣም አትቀምስም፤ ሌላው ባልደረባችን ደግሞ ሙስሊም ነው። ምን ትመክሩናላችሁ? ከምንስ እንጠንቀቅ?

መልስ፦ የሃኖይ ነዋሪ

ወንድማችን፣ ሃኖይ ሲደርሱ ከፎ ይጀምሩ። ፎ ከሩዝ ዱቄት የተሠራ ጠፍጣፋ ኑድል በትኩስ የሥጋ መረቅ የሚቀርብበት፣ በሰሜን ቬትናም የተጀመረ ምግብ ነው። የሙያው ሚዛን መረቁ ላይ ነው፤ የበሬ አጥንት፣ በእሳት የተለበለበ ዝንጅብልና ሽንኩርት፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና የኮከብ ቅርጽ ያለው ቅመም አንድ ላይ ሆነው ለብዙ ሰዓታት በዝግታ ይበስላሉ፤ በጥሩ ቤት የተሠራ መረቅ ጠንካራ ጣዕም እያለው ጥርት ብሎ ይታያል። «ፎ ቦ» የበሬ፣ «ፎ ጋ» የዶሮ ነው። «ታይ» ብለው ሲያዙ በስሱ የተቆረጠ ጥሬ ሥጋ ኑድሉ ላይ ይደረግና የፈላው መረቅ ሲፈስበት ለብ ብሎ ይበስላል፤ ጥሬ ሥጋ ለሚወድ ኢትዮጵያዊ ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም። ሙሉ በሙሉ የበሰለ የሚፈልግ «ቺን» ይበል። የሃኖይ ሰው ፎን በተለይ ለቁርስ ስለሚበላው በማለዳ መሄድ ይመረጣል። አንዳንድ ቤቶች መረቁ ውስጥ የአሳማ አጥንት ስለሚጨምሩ ግን ሳይጠይቁ አይዘዙ።

ስመ ጥሩው ቡን ቻ በከሰል የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ በመሆኑ ለእናንተ አይሆንም። በእሱ ፋንታ ቻ ካ ይፈልጉ፤ በእርድ የተለወሰ ዓሣ ገበታው ላይ በመጥበሻ እየተጠበሰ፣ ብዙ እንስላልና የሽንኩርት ቅጠል ተጨምሮበት፣ ከቀጭን የሩዝ ኑድልና ከኦቾሎኒ ጋር ይበላል። በእኔ ግምት ከከተማዋ ምግቦች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። አብሮት የሚቀርበው የሽሪምፕ ማጥቀሻ ሽታው ስለሚከብድ ቀለል ያለውን የዓሣ ስጎ ቢያስቀይሩ ይሻላል።

መልስ፦ ኩሽና

ለጿሚዋ እኅታችን የምነግራት አንድ ዋና ነገር አለ። «ኑክ ማም» የሚባለው ስጎ ትናንሽ ዓሣዎች በጨው ታሽተው ለወራት ከተብላሉ በኋላ የሚወጣ ፈሳሽ ሲሆን፣ የቬትናም ወጥ ቤት ያለ እሱ አይሠራም፤ አትክልት ብቻ የሚመስል ምግብ ውስጥ እንኳ ይገባል። ስለዚህ «ሥጋ አልበላም» ማለት አይበቃም፤ «ቻይ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸውን ቤቶች መፈለግ አለባት። ቻይ የቡድሃ እምነት ተከታዮች የሚበሉት ከሥጋና ከዓሣ የራቀ ምግብ ነው፤ በተለይ በጨረቃ አቆጣጠር ወር በገባ በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ብዙ ሰው ስለሚመገበው በእነዚያ ቀናት በየቦታው ይገኛል። ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ፣ አይብ የሚመስል ምግብ)፣ እንጉዳይ፣ የሎተስ ሥርና ልዩ ልዩ ቅጠላ ቅጠል በአኩሪ አተር ስጎ ተሠርተው ይቀርባሉ፤ ፎ እንኳ በአትክልት መረቅ ይሠራል። በአንዳንድ የቻይ ቤቶች ግን እንቁላልና ወተት ስለሚገኝ ስለ ሁለቱ ለይታ ትጠይቅ። የቬትናም ቋንቋ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉሙ ስለሚለወጥ፣ የማትበሉትን ሁሉ በቋንቋው አጽፋችሁ በስልካችሁ ብታሳዩ ከስሕተት ትድናላችሁ።

መልስ፦ ቡና ቀማሽ

የቡናው ነገር ለእኛ ለብቻው መነገር አለበት። ቬትናም ከብራዚል ቀጥላ በዓለም 2ኛዋ ቡና አምራች ስትሆን፣ አብዛኛው ምርቷ ሮቡስታ ነው፤ ከእኛ አረቢካ ይልቅ መራራና ካፌይኑ የበዛ ስለሆነ ምሽት ላይ እንዳትጠጡት እመክራለሁ። «ፊን» በምትባል ትንሽ የብረት ማጥለያ ጠብ ጠብ እያለ፣ ስኳር ባለው ወፍራም የቆርቆሮ ወተት ላይ ይወርድና በበረዶ ይጠጣል፤ «ካ ፌ ሱዋ ዳ» ይሉታል። ጿሚዋ ጥቁሩን «ካ ፌ ዴን ዳ» ትዘዝ።

ሃኖይ ውስጥ ደግሞ የእንቁላል ቡናን ሳትቀምሱ አትመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1946 ወተት በጠፋበት ጊዜ በሜትሮፖል ሆቴል ይሠራ የነበረው ንጉየን ቫን ዛንግ የእንቁላል አስኳል መትቶ በወተት ፋንታ ቡናው ላይ አደረገበት፤ በስሙ የሚጠራው ካፌ ዛሬም በአሮጌው ሰፈር አካባቢ ይሠራል። እንቁላል እንቁላል ይሸታል ብላችሁ አትስጉ፤ በትኩሱ ሲጠጣ ለስላሳና ጣፋጭ ነው።

መልስ፦ የደቡቡ ተማሪ

ለሙስሊሙ ወንድማችን ሆ ቺ ሚን ከተማ ይቀላል። በመሀል ከተማ ዶንግ ዱ በሚባለው መንገድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1935 የተሠራ መስጊድ አለ፤ በዙሪያውም ሐላል የቬትናም ምግብ የሚሸጡ ቤቶች ስላሉ ፎንም ሌላውንም ያለ ስጋት እዚያ መብላት ይችላል። ከዚህ ውጭ ቦ ኮን ሞክሩ፤ የበሬ ሥጋ ከካሮትና ከጠጅ ሣር ጋር ተቀቅሎ በዳቦ እየተጠቀሰ የሚበላ ወጥ ነው። ባን ሚ የሚባለው ሳንድዊችና ጎይ ኩን የሚባለው በሩዝ ወረቀት የተጠቀለለ ምግብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለባቸው።

መጠጥ ካነሳን፣ ከትንንሽ ብርቱካን ጋር የተጨመቀ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ በየመንገዱ አለ፤ ለጾምም ይሆናል።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ መንገደኛ

እግዚአብሔር ይስጥልን። በረዶውና የመንገድ ዳር ምግቡስ አያሳምምም?

መልስ፦ የሃኖይ ነዋሪ

የቧንቧ ውኃ አትጠጡ። በከተሞቹ ያሉ ካፌዎች የሚጠቀሙት በረዶ ባብዛኛው በፋብሪካ የሚሠራ፣ መሀሉ ቀዳዳ ያለው ድቡልቡል በረዶ ነው፤ ከትልቅ ግግር ተፈልጦ የሚመጣውን ግን ይተዉት። ምግብ ሲመርጡ ሰው የሚበዛበትንና ዓይናችሁ እያየ የሚበስልበትን ቤት ይምረጡ። «ቲየት ካን» የሚባለውን ከጥሬ ደም የሚሠራ ምግብ ግን ማንም ቢጋብዛችሁ አትንኩ፤ ከአሳማ ደም ሲሠራ የማጅራት ገትር የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል።