የንባብ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ለስክሪን ሪደር ተጠቃሚ እንዴት ይሠራ?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)
ጤና ይስጥልኝ። የተማሪ ማስታወሻ ጮክ ብሎ የሚያነብ ትንሽ የዌብ አፕ እየሠራሁ ነው። ድምፁን የሚያወጣው ብራውዘሩ ራሱ ነው። ፍጥነቱን ለመቀየር በጣት የሚጎተት ስላይደር በዲቭ፣ ማለትም በባዶ የኤችቲኤምኤል (የዌብ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ) ሳጥን፣ ሠራሁ። አምሮብኛል ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ደብረ ሲና ወርጄ ማየት ለተሳነው ለአክስቴ ልጅ ሰጠሁት። ቶክባክ የሚባለውን የአንድሮይድ ስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚናገር ፕሮግራም) ነው የሚጠቀመው። ስላይደሩን ጭራሽ አላገኘውም። እኔ ጎትቼ ላሳየው ስል ጫፍ ደረሰና ድምፁ የንብ ቀፎ ሆነ። መመለሻ የለም። ስልኬን መለሰልኝና «ይሄ አፕ የሚያወራው ከራሱ ጋር ነው» አለኝ።

ምን ዓይነት መቆጣጠሪያ ልሥራ? ፍጥነቱስ ከስንት እስከ ስንት ይሁን?

መልስ 1 (ሸዋ ሮቢት)
ወንድሜ፣ ዲቩን ጣለው። ኤችቲኤምኤል የራሱ ስላይደር አለው፤ ኢንፑት ታይፑን ሬንጅ ማድረግ ብቻ ነው። በኪቦርድ በቀስት ይሄዳል፣ በሆምና በኤንድ ጫፍ ይደርሳል። ቶክባክ ላይ በድምፅ መጨመሪያና መቀነሻው ቁልፍ ይንቀሳቀሳል። ይሄን ሁሉ በነፃ ታገኛለህ።

በግራና በቀኙ «ቀንስ» እና «ጨምር» የሚሉ በተኖች አስቀምጥ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ደብሊውሲኤጂ 2.2 (ዌብን ለአካል ጉዳተኞች ምቹ የማድረጊያ መመሪያ) በመጎተት የሚሠራ ነገር፣ መጎተቱ ግድ ካልሆነ በቀር፣ ያለ መጎተት፣ በመንካት ብቻም መሠራት አለበት ይላል። የበተን ትንሹ ልክ 24 በ24 ፒክስል ነው። አንተ ግን 48 አድርገው፤ በእናንተ አገር በኅዳር ውርጭ ጣት ይደነዝዛል።

ሌላው፣ ስላይደሩ «1.3» ብሎ ብቻ እንዳይናገር። ኤሪያ ቫልዩቴክስት (ስክሪን ሪደሩ በቁጥሩ ፈንታ የሚያነበው ጽሑፍ) ላይ «ከመደበኛው በትንሹ ፈጠን ያለ» ዓይነት ነገር ጻፍለት።

መልስ 2 (አንኮበር)
እኔ ማየት የተሳነኝ ነኝ፣ ኮምፒውተር ላይ ኤንቪዲኤ የሚባል ስክሪን ሪደር እጠቀማለሁ። ሁሉም የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው፦ እኛ በስክሪን ሪደራችን ላይ የራሳችን ፍጥነት አለን! የኤንቪዲኤ ቁልፍንና ኮንትሮልን ይዤ በግራና በቀኝ ቀስት «ፍጥነት» ላይ እደርሳለሁ፣ በላይና በታች ቀስት እቀይራለሁ። ያ የእኔ ነው፣ አትንካው። ያንተ መቆጣጠሪያ ያንተን ንባብ ብቻ ይግዛ። ስሙንም «የማስታወሻ ንባብ ፍጥነት» በለው። «ፍጥነት» ብቻ ካልከው የቱ እንደሆነ ግራ ይገባኛል።

ደግሞ ቀስት በነካሁ ቁጥር ናሙና አታሰማኝ። ኤንቪዲኤ አዲሱን ቁጥር ሲነግረኝ ያንተም ድምፅ ከመጣ ሁለት ሰው ባንዴ ሲያወራ ማለት ነው። «ሞክር» የሚል በተን ለብቻው ይሁን፣ ስፈልግ እጫነዋለሁ።

አማርኛ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ጽሑፋችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ «ገና ነው» ያልነው? «ዋና» የመዋኘቱ ነው ወይስ ዋናው ነገር? ማሽኑ ብዙ ጊዜ ይስታል። እኔ ከዐረፍተ ነገሩ ነው የምለየው፣ ለዚያ ደግሞ ትንሽ ጊዜ እፈልጋለሁ። ሜኑ ስሰማ እበራለሁ፣ ለፈተና ሳጠና ግን አዘገያለሁ። ስለዚህ ፍጥነቱን ሴቲንግ ውስጥ አትቅበረው፤ እያነበበ እያለ ልቀይረው።

መልስ 3 (መሐል ሜዳ)
ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ዓይኔ የደከመው በስተርጅና ነው። ይህ የአንኮበሩ ልጅ የሚሰማው ፍጥነት ለእኔ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ነው። ለእኛም አስብ፣ ልጄ። ግን ድምፁን ሲጎትቱት የሰከረ ሰው ይመስላል። ያን ያህል ከሚለጠጥ በየዐረፍተ ነገሩ መሐል ትንሽ ዝም ቢል ይሻለኛል። የዝምታው ርዝመትም የሚስተካከል ይሁን።

መልስ 4 (ደብረ ብርሃን)
ጋሼ ያሉት ላይ እጨምራለሁ። ንባቡን በዐረፍተ ነገር ቆራርጠው። ዝምታውን ማስገቢያ ታገኛለህ፣ ሌላ ችግርም ይፈታልሃል። ብራውዘሩ አንዴ ማንበብ የጀመረውን ጽሑፍ ፍጥነቱን ብትቀይርበትም በዚያው ይቀጥላል። አቁመህ እንደገና ማስጀመር አለብህ። ሙሉው ማስታወሻ አንድ ቁራጭ ከሆነ ሰውዬው ፍጥነት በቀየረ ቁጥር ከ«ምዕራፍ አንድ» ይጀምራል። ያበሳጫል።

ስትቆርጥ በአራት ነጥብ (።) ብቻ እንዳትቆርጥ። ግማሹ ሰው ሁለት ነጥብን ሁለቴ (፡፡) ነው የሚጽፈው። እኔ ይሄን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ቀን በልቶኛል።

ልኩን በተመለከተ፣ የዌብ ስፒች ስታንዳርድ (ብራውዘር ጮክ ብሎ የሚያነብበት ደንብ) ከ0.1 እስከ 10 ይፈቅዳል፤ መደበኛው 1 ነው። ግን የድምፅ ሞተሩ ራሱ ገደብ ሊያበጅ ይችላል። ከ0.5 እስከ 3 ብታደርገው ይበቃል ባይ ነኝ። እርምጃው እኩል አይሁን። ከ1 ወደ 1.1 ስትሄድ ለውጡ ይሰማል፤ ከ2.9 ወደ 3 ግን እምብዛም ነው። ባለበት ላይ አሥር በመቶ ጨምር፣ ስትቀንስም በዚያው ልክ።

«ወደ መደበኛው መልስ» የሚል በተንም አትርሳ። የንብ ቀፎው መድኃኒት እሱ ነው። የተመረጠው ፍጥነትም ስልኩ ላይ ይቀመጥ፣ ሰው በየቀኑ ከዜሮ አይጀምር።

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)
እግዜር ይስጥልኝ። ሦስት ማታ ፈጀብኝ እንጂ ሁሉንም አስገባሁ። የጋሼ ዝምታ ለጊዜው ሦስት ደረጃ ብቻ አለው፦ የለም፣ አጭር፣ ረጅም። ለአክስቴ ልጅ ሊንኩን ላክሁለት። ዛሬ ደወለና መጀመሪያ የጠየቀኝ «ሞክር» ስለሚለው በተን ነው። ናሙናው «ሰላም፣ ይህ ሙከራ ነው» ነበር የሚለው። «በዚህ ምን እለካለሁ? ከራሱ ከማስታወሻው አንድ ዐረፍተ ነገር አንብብልኝ» አለኝ። ልክ ነው፣ ቀይሬዋለሁ።

መልስ 2 (አንኮበር)
ሊንኩን ለእኔም ላክልኝ እንጂ። ሰኞ ፈተና አለኝ።