ለአነስተኛ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ምን ዓይነት ማብሪያ ማጥፊያ ልግዛ? እንዴትስ ላገናኘው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ከኋላዋ በሚንጠለጠል የቤንዚን ሞተር የምትሄድ፣ አምስት ሜትር ተኩል ርዝመት ያላት የፋይበር ጀልባ አለችኝ። ማታ መረብ ጥዬ ከመንጋቱ በፊት የማነሣው በእርሷ ነው። ባለ 12 ቮልት አንድ ባትሪ የጉዞ መብራቶቹን፣ የሥራ መብራቱን፣ ዓሣ አመልካቹንና ከጀልባዋ ሆድ ውኃ የሚያወጣውን ፓምፕ ይመግባል። እስካሁን የተጠቀምኩባቸው ማብሪያ ማጥፊያዎች ለቤት የተሠሩ ናቸው። በላያቸው 250 ቮልት 10 አምፔር የሚል ስለተጻፈ፣ ጀልባዋ ከምትፈልገው እጅግ የሚበልጥ አቅም አላቸው ብዬ ተማምኜባቸው ነበር።

ይሁን እንጂ በአንድ ዓመት ውስጥ የፓምፑን ማብሪያ ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ሦስተኛው ባለፈው ሳምንት ተጣብቆ አልጠፋ ቢለኝ ፈትቼ አየሁት፤ ሁለቱ መገናኛ ጫፎች ጠቁረውና ተቦርቡረው እርስ በርሳቸው ተበይደዋል። ከሥሩ የሚገባው ገመድ አረንጓዴ ዱቄት ለብሶ ነበር፤ በጣቴ ስነካው ተበጥሶ ቀረ። አሁን ሁሉንም አውጥቼ እንደ አዲስ ልዘረጋ ቆርጫለሁና ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ 1

ወንድሜ፣ የነገሩ መነሻ በማብሪያው ላይ ያነበቡት ቁጥር ነው። እርሱ የተጻፈው ለተለዋዋጭ ጅረት ነው። የቤት ጅረት በየሰከንዱ አንድ መቶ ጊዜ ያህል ዜሮን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ ማብሪያው ሲላቀቅ በጫፎቹ መካከል የሚዘለው ብልጭታ ወዲያው ይከስማል። የባትሪ ጅረት ግን ቀጥተኛ በመሆኑ እንዲህ ያለ ዕረፍት የለውም። በተለይ ጭነቱ ሞተር ሲሆን በሞተሩ የሽቦ ጥቅል ውስጥ የተከማቸው ኃይል ብልጭታውን ያስረዝመዋል፤ በእያንዳንዱ ማጥፋትም ብረቱ ጥቂት በጥቂት እየተበላ ይሄዳል። ሲበራም ሌላ ችግር አለ። ፓምፑ በሥራ ላይ 4 አምፔር የሚስብ ቢሆን እንኳ ከቆመበት ሲነሣ ለአፍታ የዚህን ብዙ እጥፍ ይስባል። የእርስዎን ጫፎች የበየዳቸው ይህ የመነሻ ጅረት ይመስለኛል።

ስለዚህ በሚገዙት ማብሪያ ላይ በ12 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ስንት አምፔር እንደሚችል ለይቶ የተጻፈ መሆኑን ያረጋግጡ። ለፓምፑ 15 ወይም 20 አምፔር የሚችለውን ይውሰዱ። መብራቶችዎ ኤልኢዲ ከሆኑ የሚስቡት ጥቂት ስለሆነ በአቅም በኩል ብዙ አይጨነቁ።

ውኃ መከላከልን በተመለከተ አይፒ67 የሚለው ምልክት ዕቃው በአንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ ውኃ አያስገባም ማለት ነው። ሆኖም በብዙዎቹ ማብሪያዎች ይህ የሚሠራው ለፊታቸው ብቻ ነው፤ ገመድ የሚሰካባቸው የኋላ እግሮች ክፍት ናቸው። በመሆኑም ከሰሌዳው ጀርባ ያለው ቦታም ከርጭት የተጠበቀ ይሁን። ዘንግ ያላቸውን ማብሪያዎች በጨለማ በእጅ ዳብሶ ማግኘት ቢቀልም፣ መረብ በሚጎተትበት ጀልባ ላይ ክሩ እየተጠመጠመባቸው ሳይታሰብ ያበራቸዋል ወይም ይሰብራቸዋል። እኔ ጠፍጣፋውን፣ ወዲያና ወዲህ በጣት የሚጫኑትን እመርጣለሁ።

ውስጡ መብራት ያለበትን ከገዙ ሦስት እግር ይኖረዋል፤ አንዱ ከፊውዝ የሚመጣውን ፖዘቲቭ ይቀበላል፣ አንዱ ወደ ዕቃው ይልካል፣ ሦስተኛው ለራሱ ትንሽ መብራት ብቻ ወደ ኔጌቲቭ ይሄዳል። ወደ ዕቃው የሚሄደውንና የኔጌቲቩን እግር ካቀያየሩ፣ ማብሪያውን በተጫኑ ቅጽበት ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ በቀጥታ ይገናኙና ፊውዙ ይቃጠላል። ሥዕሉን ሳያዩ በግምት አይሰኩት።

መልስ 2

ስለ ማብሪያው ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ይሁን እንጂ ጠያቂው በጣቱ የበጠሰው ገመድ ከማብሪያው ያልተናነሰ ትኩረት ይፈልጋል። አረንጓዴው ዱቄት የመዳብ ዝገት ነው። እርጥበት በተቆረጠው ጫፍ ገብቶ በቀጫጭኖቹ ክሮች መካከል እየተሳበ ከልባሱ ሥር ሩቅ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጫፉን ብቻ ቆርጦ መቀጠል አይበቃም። እያንዳንዱ ክር ቲን የተለበጠበትን፣ ብርማ መልክ ያለውን ባለ ብዙ ክር የጀልባ ገመድ ይግዙ። ጫፎቹን በትክክለኛው መጭመቂያ ጨምቀው፣ ሲሞቅ በሚኮማተርና ውስጡ ሙጫ ባለው ልባስ ይሸፍኗቸው። ናስትሮ ብቻ መጠምጠም ውኃውን አያስወጣውም፤ እንዲያውም ይዞ ያስቀረዋል።

የገመዱን ውፍረት በግምት አይወስኑት። ባትሪው ከፓምፑ አምስት ሜትር ቢርቅ፣ ጅረቱ ሄዶ ስለሚመለስ ርዝመቱ አሥር ሜትር ይሆናል። በዚህ ርዝመት 5 አምፔር ሲያልፍ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ገመድ 0.6 ቮልት ገደማ ይበላል፤ ይህም ከ12 ቮልቱ 5 በመቶ ነው። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ግን ኪሳራው ወደ 3 በመቶ ይወርዳል። ለፓምፕና ለጉዞ መብራት ከዚህ በላይ እንዲባክን አይመከርም።

ፊውዝ የሚጠብቀው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ገመዱንም ጭምር ስለሆነ፣ ገመዱ ከሚችለው በላይ የሆነ ፊውዝ ፈጽሞ አያስገቡ። ዋናውን ፊውዝ በፖዘቲቩ በኩል ከባትሪው አጠገብ ያድርጉት፤ የአሜሪካ የጀልባና የያት ምክር ቤት ደረጃ በመሠረቱ ከ7 ኢንች፣ ማለትም ከ18 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንዳይርቅ ይላል። ማብሪያዎቹም ሁልጊዜ በፖዘቲቩ መስመር ላይ ይሁኑ፤ ኔጌቲቮቹ በአንድ መሰብሰቢያ ላይ ታስረው ወደ ባትሪው ይመለሱ።

አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። የፓምፑ ተንሳፋፊ ማብሪያ፣ ማለትም ውኃው ከፍ ሲል አብሮ ተንሳፎ ፓምፑን በራሱ የሚያስነሣው፣ በዋናው የባትሪ ማጥፊያ በኩል እንዳይሄድ፤ የራሱ ፊውዝ ኖሮት ከባትሪው በቀጥታ ይመገብ። እኔ ይህን ባለማወቄ ሁሉን አጥፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድ አደረ፤ ጠዋት ስመጣ ጀልባዬ እስከ መቀመጫዋ ውኃ ሞልቶባት፣ ባትሪው ሰጥሞ አገኘሁት። በእጅ የሚበራውን ማብሪያ ከተንሳፋፊው ጎን ለጎን ያገናኙት፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሠራል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ነገር ቀረኝ። ተንሳፋፊው ተጣብቆ ፓምፑ ያለ ውኃ ቢዞር በምን አጠፋዋለሁ? የማብሪያዎቹን ሳጥን ከርጭት ለመጠበቅ ቤንዚኑና ባትሪው ባሉበት፣ በኋላ መቀመጫው ሥር ባለው ዝግ ቦታ ባደርገውስ? የጉዞውንና መልሕቅ ጥዬ ስቆም የማበራውን መብራት በአንድ ማብሪያ መቆጣጠርስ ይቻላል?

መልስ 3

ከሁለተኛው እጀምራለሁ፤ በፍጹም እዚያ አያድርጉት። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በዝግ ቦታ ወለል ላይ ይተኛል፤ ተራ ማብሪያ ደግሞ በተነካ ቁጥር ብልጭታ ይፈጥራል። ባትሪም በሚሞላበት ጊዜ ሃይድሮጅን ያወጣል። ከተቻለ ባትሪውንና ቤንዚኑን ራሳቸውን ይለያዩዋቸው። ማብሪያዎቹን በመሪው አጠገብ፣ ከፍ ባለና አየር በሚያገኝ ቦታ ላይ ይትከሉ። ሳጥኑን ግጥም አድርጎ ከማሸግ ይልቅ ከታቹ ትንሽ ቀዳዳ ቢተውለት ይሻላል፤ የታሸገ ሳጥን ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ የሚጤዘውን ውኃ ማስወጫ የለውም። ገመዱም ወደ ሳጥኑ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ይነሣ፤ በላዩ የሚወርደው ውኃ ከጉብጠቱ ላይ ይንጠባጠባል።

ስለ ፓምፑ ከመልስ 2 ጸሐፊ ጋር በከፊል እለያለሁ። ባለ ሦስት ቦታ ማብሪያ፣ ማለትም በራሱ፣ ጠፍቷልና በእጅ የሚል ቢደረግለት ጠያቂው የፈሩት ነገር ቢደርስ ወዲያው ማጥፋት ይቻላል። የፓምፑ ጅረት ግን እርሳቸው እንዳሉት ከዋናው ማጥፊያ በፊት ይምጣ። ፓምፑ ሲዞር የሚበራ ትንሽ ቀይ መብራትም ይጨምሩበት፤ ቶሎ ቶሎ ሲበራ ካዩ ጀልባዋ በሆነ ቦታ ውኃ ታስገባለች ማለት ነው።

የመብራቱ ነገር ይቻላል። በ1972 የወጣው የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ እንደሚለው፣ ከ12 ሜትር የሚያጥር ባለ ሞተር ጀልባ ሲጓዝ በግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴና በሁሉም አቅጣጫ የሚታይ አንድ ነጭ ማብራት ይችላል፤ መልሕቅ ሲጥል ነጩ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ስድስት እግር ያለው፣ መካከሉ ጠፍቷል የሚል ባለ ሁለት መስመር ማብሪያ ይግዙ። ሁለቱ የመካከል እግሮች ፖዘቲቭ ይቀበላሉ። በአንደኛው መስመር ላይና ታች ያሉት እግሮች ተያይዘው ወደ ነጩ ይሂዱ፤ በሌላው መስመር ደግሞ ማብሪያው ወደ ጉዞ ሲደረግ የሚገናኘው እግር ብቻ ወደ ቀይና አረንጓዴው ይሂድ። ይኸው ደንብ መረብ ዘርግቶ ለሚያጠምድ ከላይ ቀይ ከታች ነጭ መብራት ስለሚጠይቅ፣ በሰሌዳው ላይ አንድ ባዶ ቦታ ከአሁኑ ቢተዉ በኋላ አይቸገሩም።

ሥራው ሲያልቅ ፓምፑን አዙረው የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ሁለት ጫፎች በማብሪያው ሁለት እግሮች ላይ ያሳርፉ። ጤነኛ ማብሪያ ከዜሮ እምብዛም አይርቅም። ቁጥሩን ጽፈው ያስቀምጡና በየጥቂት ወሩ ይለኩ፤ ወደ ግማሽ ቮልት እየተጠጋ ከመጣ ጫፎቹ እየተበሉ ወይም ግንኙነቱ እየላላ ነውና ሳይጣበቅ ይቀይሩት።